እስከ አሥራ አንድ ተኩል አቶ የነበረው ሰው

የቢሮ ባልደረባዬ ወይዘሮ ዘነበች የደወለችልኝ ሁምቦ ሳለሁ ነው። የመስክ ሥራዬን ጨርሼ አንድ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሥጋ እስኪቆረጥልኝ እጠብቃለሁ። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ "አቶ አንጁሎ አረፈ፤ ትናንት ቀበርነው" አለችኝ። መንገድ ላይ መሆኔን ስለምታውቅ እንዳልጨነቅ ብላ እንጂ ቀድማ ልትነግረኝ አስባ እንደነበር አከለችልኝ። እኔ ግን ጆሮዬ የቀረው "አቶ" ያለችው ላይ ነበር። አንጁሎ ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። ዘነበች ደግሞ ከቢሮ ግቢ ውጭ አንድም ቀን አቶ ስትለው ሰምቻት አላውቅም። ሥጋው መጣ። ከፍዬ ተነሣሁ።

"እስከ አሥራ አንድ ተኩል አቶ ነኝ" ይል ነበር ራሱ። መጀመሪያ ስሰማው የሥራ ሰዓት አክባሪነቱን የሚናገር መስሎኝ ነበር። በሥራ መውጫ ሰዓት ላይ የመዝገብ ቤቱን በር ይቆልፋል፣ እጀታውን ሁለት ጊዜ ይስባል፣ ቁልፉን ለጥበቃው ያስረክባል፣ የግራጫ ሹራቡን ቁልፎች እስከ አንገቱ ድረስ ይቆልፍና፣ "በቃ፣ አሁን አንጁሎ ሆንኩ" ብሎ ይሄዳል። እኛ እንስቃለን። እሱም አብሮን ይስቃል።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነው ከሸዋ ደጋ ተነሥቼ ወላይታ ሶዶ፣ በዞኑ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የዕቅድ ባለሙያ ሆኜ የተመደብኩት። በመጣሁ በሳምንቱ የቅጥር ማኅደሬ ጠፋ ተባለ። ማኅደር የሌለው ሠራተኛ ደግሞ ደመወዝ የለውም። ሦስት ቢሮ አዟዟሩኝና በመጨረሻ አንዱ አዝኖልኝ፣ "አቶ አንጁሎ ጋ ሂድ፤ እሱ ያላገኘው ወረቀት አልተጻፈም ማለት ነው" አለኝ። ምድር ቤት ወረድኩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉንጩ ጎድጎድ ያለ ሰው ከመደርደሪያዎቹ መሐል ብቅ አለ። ስሜን ጠየቀኝ፤ የአባቴን ስም ጠየቀኝ፤ የአያቴን ስም ጠየቀኝ። ከዚያ በቀጥታ ሄዶ አንድ ዶሴ ጎተተና ከመክፈቱ በፊት በጣቱ አንጓ ጀርባውን ኳ ኳ አደረገው፤ ሰው ቤት እንደሚገባ እንግዳ። ማኅደሬ በስህተት የተቀመጠው እዚያ ውስጥ ነበር።

ያን ማንኳኳት ሳላየው የቀረሁበት ቀን የለም። ዶሴ ባወጣ ቁጥር ያንኳኳል። ለምን እንደሆነ ጠይቄው፣ "የተሰነጠቀ ከሆነ በድምፁ ይታወቃል" አለኝ። ወረቀት እንዴት ይሰነጠቃል ብዬ በልቤ ስቄበት ሄድኩ።

ሠራተኛው ሁሉ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" እያለ ይቀልድበታል። እሱም ለቀልዱ መልስ አለው፤ "ወረቀትስ ይለቃል፤ የያዘውን የማይለቅ ሰው ነው" ይላል። በተለይ ወረቀት የሚወድበትን ምክንያት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ሁለታችንንም ምድር ቤት አግቶን ሳለ፣ ነግሮኛል። ቢጠና አጠገብ ባለ መንደር ነው ያደገው። አንደኛ ክፍል ሲገባ አስተማሪው ስሙን ከነአባቱ ጠርቶ መዝገብ ላይ ጻፈው፤ ከዚያ በፊት በሙሉ ስሙ የጠራው ሰው አልነበረም። "ወረቀት አባትህ ማን ነው ይልህና ጽፎ ዝም ይላል" አለኝ። "ሰው ግን አባትህ ማን ነው ብሎ አይበቃውም፤ ቀጥሎ ምን ይሠራል ይልሃል።" ይኸን ሲል ፊቱ ላይ ቅሬታ አልነበረም። ስለ ዝናቡ ያወራ ይመስል ነበር።

ሶዶ ውስጥ ሰው ያለ ማዕረግ ራቁቱን እንደወጣ ነው። ኢንጂነሩ ኢንጂነር፣ ዶክተሩ ዶክተር፣ ያልተማረውም ቢያንስ ኃላፊ ይባላል። የመሥሪያ ቤታችን ሻይ ክበብም የራሱ ወንበር አሰጣጥ አለው። በመስኮቱ በኩል አለቆች፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ባለሙያዎች፣ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ሾፌሮችና ጥበቃዎች ይቀመጣሉ። ማንም አልደነገገውም፤ ማንም አይስተውም። አንጁሎ ግን በእጅ መታጠቢያው አጠገብ ባለች አንዲት ወንበር ላይ፣ ለብቻው በሳህን ይበላል። ሰው ሁሉ በአንድ ትሪ ሦስትና አራት ሆኖ ሲቀርብ እሱ፣ "ጨጓራዬ አይችልም፤ የእኔን ለብቻ" ይላታል አስተናጋጇን። እሷም ሳይነግራት ታመጣለታለች።

እኔም አመንኩት። አምኜ ዝም ብል ጥሩ ነበር። አገር ቤት ሄጄ ስመለስ ለጨጓራው ፍቱን ነው ብዬ ግማሽ ፌስታል ተልባ አመጣሁለት። እንዴት እንደሚቆላ፣ እንዴት እንደሚፈጭ፣ በባዶ ሆድ እንዴት እንደሚጠጣ ቆሜ አስረዳሁት። በሁለት እጁ ተቀብሎ አመሰገነኝ። ከዚያ ወር ሙሉ በየጧቱ፣ "አቶ ጌታቸው፣ ተልባውን ጠጥቻለሁ" እያለ ሪፖርት ያቀርብልኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ከዚያ በኋላ ነው ሁምቦ አብረን የሄድነው። የወረዳው መዛግብት ወደ ዞን ሊዛወሩ ስለነበር እሱ ለዶሴዎቹ፣ እኔ ለዕቅዱ ተላክን። ሾፌራችን አዲስ፣ ከሐዋሳ የመጣ ልጅ ነበር። ሙቀቱ አንጀት ያደርቃል። እኩለ ቀን ላይ ዘነበች ስትደውል የነበርኩበት ምግብ ቤት ገባን፤ ሾፌሩ መኪናውን ሊያሳጥብ ቀረ። ጥሬ ሥጋ ከዳጣ ጋር አዘዝኩና ለጋሽ አንጁሎ ደግሞ ለብቻ የተቀቀለ ነገር ልንገራቸው ብዬ ስዞር እጁን ታጥቦ ከእኔው ሳህን ፊት ለፊት ተቀምጧል። ቢላዋውን አነሣ። እንዲህ ደስ ብሎት የሚበላ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። ዳጣው ዓይኑን እያስለቀሰው፣ ጥሩ ጥሩውን ሥጋ እየመረጠ ወደ እኔ እየገፋ፣ ስለ ዶሴ ሳይሆን ስለ ልጅነቱ ወንዝና ዓሣ እያወራ በላ።

"ጋሼ፣ ጨጓራህስ?" አልኩት።

"ጨጓራዬ ሶዶ ቀረች" አለኝ።

ቀልዱ ስላሳቀኝ ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩም። በተመለስን በማግስቱ ክበብ ውስጥ ያቺው ወንበር ላይ፣ ያው ሳህኑ ፊት አየሁት።

መስከረም ሲደርስ ከምድር ቤት ወጥቶ እኔ ቢሮ ድረስ መጣ። መንደሩ ሁሉ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሽር ጉድ ሲል ነው። ቆሞ፣ ሹራቡን እየጎተተ፣ በዓሉን እሱ ቤት እንድውል ጠየቀኝ። "እናቴ ሙቹዋ ትሠራለች፤ ቆጮና አይብ በቅቤ ነው፤ እንደ እሷ የሚሠራው የለም" አለኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ከቢሮ ሰው ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ሁምቦ ላይ አብረን ስለበላን ነው የደፈርኩት" አለ። እመጣለሁ አልኩት። ፊቱ ላይ የታየውን ነገር ያኔ ልብ አላልኩትም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከፊቴ ጠፍቶ አያውቅም።

ወይዘሮ ዘነበች ከጎኔ ነበረች። የሰው ሀብት ክፍል ናት፤ ሶዶ የተወለደች፣ ሰው ሲታመም ቀድማ የምትደርስ፣ እኔን እንደ ታናሽ ወንድም የያዘችኝ ሴት። እሱ ሲወጣ በሩን ዘጋችና እናቱ ሸክላ ሠሪ እንደሆነች፣ አባቱም አያቶቹም ከዚያው ወገን እንደሆኑ ነገረችኝ። ድስቱን እንገዛለን፣ እንሥራውን እንገዛለን፣ ግን ከእነሱ ጋር በአንድ ገበታ አይበላም፣ ልጅ አይሰጣቸውም፤ ቤት ቢመጡ እንኳ ከደጃፍ አያልፉም፣ ምግባቸውም በኮባ ቅጠል ለብቻ ይወጣላቸው ነበር አለችኝ። ቃል አላቸው ለሸክላ ሠሪ፤ ሲናገሩት ሥራውን አይደለም የሚጠሩት። አንጁሎ አንድም ጊዜ ሲለው ስላልሰማሁ እኔም አልጽፈውም። "እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም" አለች ዘነበች፣ "ቢሮ ውስጥማ ወንድማችን ነው። አንተ ግን እዚህ ልታገባ ነው፤ ሽማግሌ ልከሃል። የልጅቷ ቤተሰብ እነሱ ቤት በላ ቢባል ምን ይላል?"

በወላይታ ሰው ልፈርድ አልችልም። የእኛ አገር ሰውም ብረት ቀጥቃጩን በቡዳነት ያማል፤ ማረሻውን ከእጁ ይቀበላል፣ ዓይኑን ግን ይፈራል። ልጅ ሆነን ከቀጥቃጩ ቤት ፊት ስናልፍ ትንፋሻችንን ይዘን ነበር የምንሮጠው። ስለዚህ ነገሩ አልገረመኝም፤ የገረመኝ ቶሎ መፍራቴ ነው። እጮኛዬን ሳልጠይቅ፣ አንድም ሰው ምንም ሳይለኝ፣ ሲሉ ሰምታ ታንቃ እንደሞተችው ዶሮ ሆንኩ። በበዓሉ ጧት አሞኛል ብዬ ላክሁበት።

የማይመጣ መስሎኝ ነበር። ለካስ ታምሜያለሁ ማለቴ እሱን መጥራቴ ነበር፤ የታመመ ሰው አለመጠየቅ ለእሱ ነውር ነው። ከቀትር በኋላ በሩ ኳ ኳ አለ። አንኳኳኩን አወቅሁት። ፂሜን ተላጭቼ፣ ሸሚዜን ለብሼ፣ ዳቦ በሻይ እየበላሁ ነበር። ስከፍትለት በሁለት እጁ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ አዲስ የሸክላ ድስት ይዞ ቆሟል። ጠረጴዛውን አየ፤ ዳቦውን አየ፤ እኔን አየ። ግባ አልኩት። "ቆሜ ልጠይቅህ፤ በሽተኛ አያደክሙም" አለና ጫማውን ከደፉ ሳያሳልፍ ድስቱን አቀበለኝ። እናቱ እንዳዘነች፣ ምግቡን ትኩስ እንዳለ እንድበላው ብላ እንደላከችው ነገረኝ። "እግዜር ይማርህ" ብሎ ሄደ።

አልበላሁትም። ሦስት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ቆይቶ ደፋሁት። የቅቤው ሽታ ክፍሉን ሞልቶት ነበር፤ ርቦኝም ነበር። ድስቱን አጥቤ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት።

በበዓሉ ማግስት ደረጃው ላይ ተገናኘን። ተሻለህ ወይ አለኝ፤ ተሻለኝ አልኩት። "ጨጓራ ነበር?" አለ። አዎ ከማለት በቀር ምን እላለሁ። ራሱን ነቀነቀና ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ "እሱ አይለቅም። ተልባ ጠጣበት" አለኝ።

ስለዚያ ቀን ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አላኮረፈኝም፤ ዶሴ አላጓተተብኝም፤ ሠርጌ ላይ መጥቶ በእጅ መታጠቢያው በኩል ለብቻው በልቶ፣ መርቆኝ ሄደ። እኔም ስንት ጊዜ ምድር ቤት ድረስ ወርጄ ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ፣ የማያስፈልገኝን ፋይል ጠይቄው ተመልሻለሁ። ባለቤቴ ያን ድስት ለምን እንደማንጠቀምበት ስትጠይቀኝ ታሪኩን ነገርኳት። "ለእኔ ብለህ ነው? ማን ጠየቀህ?" አለችኝ።

ጡረታ ሲወጣ በአዳራሹ ትልቅ ሽኝት ተደረገለት። አለቃው "ሕያው መዝገባችን" ብሎ ተናገረለት፤ ጋቢ አለበስነው፤ የግድግዳ ሰዓት ሸለምነው። ምሳ ቀረበ። እሱ ደግሞ ጨጓራዬ ብሎ ሳህኑን ይዞ ወደ ጥግ ሄደ፤ ለራሱ ግብዣ። ተነሥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ግን እኔም የራሴን ሳህን ይዤ ነበር። ሰዓቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እያየ፣ "እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ አሥራ አንድ ተኩል ነው" አለኝ። አልሳቀም።

እውነቱንም ነበር። ከዚያ በኋላ ያየሁት ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ከእናቱ ድስቶች ኋላ ተቀምጦ ነው። ትናንት ለአንድ ወረቀት ጋሼ ጋሼ እያሉ ደጅ ሲጠኑት የኖሩ ሰዎች ድስቱን አንሥተው በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ድምፁን ይሰማሉ፤ ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ሰላም ግን አይሉትም። ዶሴ የሚያንኳኳው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ "አቶ አንጁሎ!" አልኩት። ከት ብሎ ሳቀና፣ "ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ቢሮ ዝግ ነው" አለኝ። ልሰናበተው ስል፣ "ቤቱን ግን ታውቀዋለህ?" አለ። ወደ ሁምቦ መውጫው ላይ፣ ድልድዩን አልፎ፣ ዋርካው ሥር። አንድ ቀን እመጣለሁ አልኩት። ያ አንድ ቀን ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

የሄድኩት በሠልስቱ ነው። ድስቱን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ። ባለቤቴ፣ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብላ አይብ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ከተተችበት። እሷ ያን ዕለት በሥራ ቦታዋ ተረኛ ስለነበረች አልመጣችም። ድንኳኑ ውስጥ የቢሮ ሰዎች አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ንፍሮው በየፊታቸው በሳህን ተቀምጧል፤ አልተነካም። ዘነበች ብቻ አንድ እፍኝ ዘግና በመዳፏ ይዛዋለች። ትብላው አትብላው አላየሁም።

ቤት ዘለቅሁ። እናቱ እማማ ወርቄ መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ ትንሽ፣ የጠወለገች አሮጊት፤ ጣቶቿ ግን የወጣት ናቸው። ከአጠገቧ ጂንካ የምታስተምረው የአንጁሎ ልጅ ማርታ አለች። እግዜር ያጥናሽ ብዬ ድስቱን አቀበልኳት። አይቡን ለማርታ ሰጠችና ድስቱን በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አደረገችው። ከንፈሩ ላይ ያለችውን የአውራ ጣት ምልክት ዳበሰች። ገልብጣ ቂጡን አየች። የእማማ ወርቄ አማርኛ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ዓይን ነው የሚያየው።

"ይሄ እኔ ነኝ የሠራሁት" አለች። "አንቺ ነሽ ያኔ የታመምሽው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"አንጁሎ ነገረኝ። አንድ ላይ በላን አለኝ። በአንድ ሳህን። ጠርጎ በላ፣ ድስቱንም ወደደው፣ ተውኩለት አለኝ።" ወደ ማርታ ዞር ብላ በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገረች። ማርታ ለመተርጎም አፏን ከፍታ ተወችው። አያስፈልግም ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁ። አሮጊቷ ያለችው፣ ለመንደሩም ለገበያውም ተናግሬአለሁ፣ የቢሮ ሰው የእኔን እጅ በላ ብዬ፤ ዘጠኝ ዓመት ስናገር ኖሬአለሁ ነው።

ከዚያ እኔን አየችኝ። "ጣፍጧል ወይ?" አለች።

እውነቱን መናገር ይቀለኝ ነበር። ተናግሬ፣ አልቅሼ፣ ይቅር ተብዬ እወጣ ነበር። ግን እኔ የሚቀለኝ እሷ ዘጠኝ ዓመት የያዘችውን ነጥቄ ነው፤ የሰጣት ደግሞ እሱ ነው። ደጃፌ ላይ ቆሞ ዳቦዬን ሲያይ፣ እናቱ ዘንድ ሲመለስ ምን እንደሚላት ያሰበው ያኔውኑ ይሆናል። ማርታ ትኩር ብላ ታየኛለች። አባቷ ለእሷ እውነቱን ነግሯታል፤ ከዓይኗ አወቅሁት።

"እማማ፣ ቆይቷል፤ ጣዕሙ ጠፍቶኛል" አልኩ። "ደግመሽ አብይኝ።"

አሮጊቷ የኀዘን ቤት ነው አላለችም። ተነሥታ ራሷ እሳቱ ዘንድ ሄደች። ጎረቤት ያመጣውን ቆጮ በዚያው ድስት አሞቀችው፤ የባለቤቴን አይብ ጨመረችበት፤ ቅቤ አፈሰሰችበት። በሩ ክፍት ነው፤ የድንኳኑ ወሬ ቀነሰ። ግድግዳው ላይ እኛ የሸለምነው ሰዓት ተሰቅሏል፤ ለአሥራ ሁለት ዐሥር ጉዳይ ይላል። ማርታ እጄን አስታጠበችኝና ለሦስታችን አንድ ሳህን አቀረበች። እማማ ወርቄ የመጀመሪያውን በእጇ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ጣቷ የጭቃ ሽታ አለው።

"ጣፍጧል?" አለች እንደገና።

"ጣፍጧል" አልኳት፤ "ልክ እንደ ያኔው።"